ቫልቮላና ቫልቭ፦ ከኪቡሊ ግርጌ የቤዝ ጊታር ማጉያ ታሪክ

ለመሆኑ ስለ ድምፅ ማጉያ ሣጥን ታሪክ ይጻፋልን? ይህን የሚጠይቅ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ድምፃዊው ታሪክ አለው፤ የዜማ ደራሲውና ሸክላ አሳታሚውም እንዲሁ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ግን ከከበሮው አጠገብ ቆሞ ሌሊቱን ያነጋና ስሙ ሳይጠራ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከጀርባው የቆመውን ሣጥንማ ማን ያየዋል? እኔም በሙያዬ ተርጓሚ እንጂ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ወደዚህ ነገር የጎተተችኝ አንዲት ቃል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው በካምፓላ ከተማ፣ በኪቡሊ ኮረብታ ግርጌ ነው። ከሰፈራችን ብዙም በማይርቀው፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት በካባላጋላ፣ አንድ ወዳጄ ዓርብ ዓርብ ማታ ከዩጋንዳውያን ጓደኞቹ ጋር ብሉዝ ይጫወታል። መሣሪያው ቤዝ ጊታር ነው። አንድ ምሽት አሮጌው ማጉያው ድምፁን ቢያጠፋበት አዲስ አበባ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሙ «ቫልቮላው ተቃጥሎብኛልና ፈልገህ ላክልኝ» ብሎ ጻፈለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሰው እጅ ደረሰው። ጥቅሉ ሲፈታ በጥንቃቄ የተጠቀለሉ አሥር ትንንሽ ፊውዞች ነበሩ።

ወንድምየው አልተሳሳተም። በጣልያንኛ «ቫልቮላ» የሚለው ቃል የውኃ መዝጊያውንም፣ የሬዲዮኑን የመስታወት ብልቃጥም፣ የኤሌክትሪክ ፊውዙንም ይጠራል። እኛ ቃሉን ስንወስድ የቆጣሪውን ፊውዝ ብቻ አስቀረን። ወዳጄ የፈለገው ግን ብልቃጡን ነበር፤ እንግሊዞች ቫልቭ፣ አሜሪካኖች ቲዩብ የሚሉትን። በዚህ ጽሑፍ ቫልቭ እለዋለሁ፤ ከሞተርና ከቧንቧ ጋር እንዳይምታታ አንባቢዬን እማጠናለሁ። ስያሜው ያለምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1904 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ የሠራው ብልቃጥ የኤሌክትሪክ ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፍ ነበር፤ የብስክሌት ጎማ ቫልቭ አየሩን አስገብቶ መውጫ እንደሚከለክለው ማለት ነው። በ1906 አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በመካከሉ ወንፊት መሰል ሽቦ ጨመረበት። በሽቦው ላይ የምታርፍ ደካማ ምልክት ትልቁን ጅረት እንደ ልቧ ታዝዘው ጀመር። ድምፅ ማጉላት የሚባለው ነገር ይኸው ነው።

ፊውዞቹ በመሳቢያ ውስጥ ቀሩ። ወዳጄም አሮጌውን ማስጠገን ትቶ፣ ለዓመታት ባጠራቀማት ገንዘብ ሌላ ማጉያ ሊገዛ ቆረጠ። ገንዘቧ የምትበቃው ለአንድ ግዢ ነውና ስሕተት የማይፈቀድባት ነበረች። እንግሊዝኛ መግለጫዎቹን እንዳነብለት ለመነኝ። አንዱን ሳነብ ሌላው እየጎተተኝ ወደ ታሪኩ ገባሁ።

ቤዝ ጊታር እንደምናውቀው ሆኖ ለገበያ የቀረበው በ1951፣ በካሊፎርኒያው ሊዮ ፌንደር እጅ ነው። ከመስኮቴ ሽቅብ የሚታየኝ የኪቡሊ መስጊድም ሥራው የተጠናቀቀው በዚያው ዓመት ነው፤ ግጥምጥሞሹ ከመገረም ያለፈ ትርጉም የለውም። ከዚያ በፊት የባንዶች ወፍራም ድምፅ የሰው ቁመት ከሚያህለው ኮንትራባስ ይወጣ ነበር። የቺካጎው ብሉዝ ምሰሶ ዊሊ ዲክሰንም በዚሁ መሣሪያ ነው የታወቀው። ፌንደር በ1952 ለአዲሱ ጊታር አዲስ ማጉያ አወጣለትና ቤዝማን ብሎ ሰየመው፤ መጀመሪያ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ነበሩት።

ይህ ማጉያ በባለቤቱ እጅ አልቆየም። ቤዝ ጊታር ጮክ ተብሎ ሲመታበት ድምፁ ይሰነጠቅ ነበርና ቤዝ ተጫዋቾቹ አዘኑበት። ሊድ ጊታር ተጫዋቾችና የብሉዝ ሃርሞኒካ ነፊዎች ግን ያንኑ መሰንጠቅ ወደዱት። በ1962 በለንደን የከበሮ ሱቅ የነበረው ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ የመጀመሪያ ማጉያቸውን የሠሩት ቤዝማንን አርአያ አድርገው ነው። ለቤዝ የተወለደው ልጅ ለጊታር ተዳረ ማለት ይቻላል። ቤዙ በበኩሉ ራሱን የቻለ መጠጊያ ያገኘው አምፔግ የተባለው ኩባንያ በ1960 ፖርታፍሌክስን ሲያቀርብለት ነው። 25 ዋት ገደማ ጉልበት፣ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር፣ ጉዞ ሲነሣ ተገልብጦ ወደ ሣጥኑ ውስጥ የሚገባ ክዳን ነበረው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ይህ ነው፤ ተሸካሚውን አስቦ የተሠራ ይመስላልና።

ይሁን እንጂ አዳራሾች ወደ ስታዲየም አደጉ። አምፔግ በ1969 ኤስ ቪ ቲ የተባለውን፣ 14 ቫልቮችና 300 ዋት ያለውን ግዙፍ አወጣ፤ ሮሊንግ ስቶንስም በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጉዟቸው ይዘውት ዞሩ። የማጉያው ራስ ብቻውን 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስምንት ስፒከሮች ያሉት ሣጥኑ ከ60 ኪሎ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን? ቢሉ፣ ጆሯችን ወፍራም ድምፅን እንደ ቀጭኑ አጥርቶ አይሰማም፤ ስለዚህ ቤዝ ከጊታር እኩል ሊደመጥ ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። በሌላ በኩል ድምፁ እጥፍ የሆነ መስሎ እንዲሰማን ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። 300 ዋት ከ100 ዋት ሦስት እጥፍ አይጮኽም፤ በግልጽ የሚሰማ ነገር ግን መጠነኛ ጭማሪ ነው። ሻጮች ይህችን አይናገሩም።

በእኛስ አገር? የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ከኢየሩሳሌም በ1924 ከመጡት «አርባ ልጆች» ከሚባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶችና ከመምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይጀመራል። የነፋስ መሣሪያ ዘመን ነበረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር በ1955 ሲከፈት ኦርኬስትራው ከወንድሙ ልጅ ከነርሲስ ናልባንዲያን ጋር አዲስ መልክ ያዘ። በ1960ዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ገቡ፤ በአሥመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ ቃኘው ጣቢያም በሬዲዮውና በወታደሮቹ ክበብ በኩል የሶልና የብሉዝን ድምፅ ወደ አካባቢው አደረሰ። አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ ሥራውን ሲጀምር ቤዝ ጊታር ከእኛው ችክችካ ጋር ተዋውቆ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስሙን ባያውቀውም። በ1975 ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ያቺን ክብ እየሠራች የምትመላለስ ወፍራም ሐረግ የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነው። ኋላም ከጊታሪስቱ ከሰላም ስዩም ጋር በሮሃ ባንድ የካሴቱን ዘመን በጣቶቹ ደግፎ አሳለፈ። በሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ደግሞ መላኬ ገብሬ ነበረ። የሰዓት እላፊ በታወጀበት በደርግ ዘመን ታዳሚው ከመሸ መውጣት ስለማይችል ባንዶቹ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ማጉያ ማለት ከምሽት እስከ ንጋት ሳይጠፋ የሚነድ ምድጃ ነው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ኃይሉ መርጊያና መላኬን ጨምሮ አራቱ እዚያው ቀሩ። በአሮጌ ሸክላዎቻችን ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ አለ፤ ቤዙ በምን ማጉያ እንደተጫወተ መጻፍ ግን ለማንም ትዝ ያለው አይመስልም።

ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እንደ ተርጓሚ ይህ አቻ ቃል አይጥመኝም፤ ሁለቱም በአምስት ድምፅ ቅኝት ዙሪያ ስለሚመላለሱና ሁለቱም ስላለፈ ነገር ስለሚያዝኑ ብቻ አንድ አይሆኑም። ስለ ድምፅ ጣዕም ከተነሣ ግን የሚቀርበው ዘመድ በገና ነው። የበገና አሥር አውታሮች ከመቀመጫቸው ላይ በሚገቡት እንዚራ በተባሉት የቆዳ ቁራጮች ምክንያት ይነዝራሉ፤ ንዝረቱ ቢወገድ በገናው ጥርት ይላል፣ በገናነቱ ግን ይቀራል። ቫልቭም ሲጨናነቅ ድምፁን በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም፤ ጫፉን አለዝቦ፣ ጥቂት አጎርምሶ ያሳልፈዋል። ወዳጄ «የቫልቭ ድምፅ ጥርስ የለውም፣ ድድ ነው» ይላል። ትራንዚስተር በ1947 ተፈልስፎ ቫልቭን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያባርረው፣ ከሙዚቀኛው ጓዳ ሊያወጣው ያልቻለው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ኪቡሊ ልመለስ። ዩጋንዳ በ1954 በጂንጃ የኦወን ፎልስን ግድብ ስትመርቅ የወረሰችው የእንግሊዞቹን 240 ቮልት ነበር። የካምፓላ ባንዶችም ታሪካቸው ከዚህ መስመር ጋር የተያያዘ ነው፤ ዛሬም ድረስ የሚጫወተው የሞሰስ ማቶቩ አፍሪጎ ባንድ የተመሠረተው «ኧረ መላ መላ» በተቀረጸበት በ1975 ነው። ለወዳጄ የቀረበለት የመጀመሪያ ምርጫ ግን ከአሜሪካ የመጣ፣ ለ120 ቮልት የተሠራ ባለ 300 ዋት ግዙፍ ነበር። ዓይኑ ከእርሱ አልነቀል አለ። እኔ በጀርባው የተጻፈችውን ቁጥር አንብቤለት ዝም አልኩ። በእኛ ሶኬት ቢሰካ በደቂቃ ይቃጠላል፤ ያንን የሚያስታርቅ ትራንስፎርመር ደግሞ ራሱን የቻለ ሸክም ነው። ከሚያወጣው ድምፅ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ኃይል ከግድግዳ እንደሚስብም ይታወቅ። በቦዳ ቦዳ፣ በዚህ ዳገት፣ በዝናብ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ 40 ኪሎ ታቅፎ የሚመጣ ሰው እስቲ ይታሰበው።

ሁለተኛው ከሦስት ኪሎ የማይበልጥ፣ ቫልቭ የሌለው፣ 500 ዋት የሚሰጥ ዘመናዊ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለሠርግ ቢሆን ኖሮ እርሱን ግዛ እለው ነበር። ወዳጄ ግን ለግማሽ ሰዓት ሞክሮ «ሁሉንም ይነግረኛል፣ ምንም አያወራኝም» አለና ገመዱን ነቀለ።

የተገዛው ሦስተኛው ነው፦ ለ240 ቮልት የተሠራ ባለ 100 ዋት ቫልቭ፣ ከአንድ ባለ 15 ኢንች ሣጥን ጋር። ለካባላጋላ ክፍል ይበቃል፤ ሰፊ ቦታ ሲሆን ማይክሮፎን ከፊቱ ይቆማል። ሁለት ነገር ብቻ በአማርኛ ጽፌ ከጀርባው ለጠፍኩለት። አንደኛ፣ የስፒከሩ ገመድ ሳይሰካ እንዳይበራ፤ የቫልቭ ማጉያ ጉልበቱን የሚያራግፍበት ስፒከር ካጣ ውስጡን ትራንስፎርመር ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ የማጉያው የኦም ቁጥርና የሣጥኑ እኩል ይሁኑ። ትርፍ ቫልቮችም ቀድሞ ገዛ። ዛሬ ቫልቭ በብዛት የሚሠራው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው፤ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲፈነዳ ከሩሲያ መውጣቱ ታግዶ ዓለም እንዴት እንደተንጫጫ አንብቤለት ነበርና። ትርፎቹ የተቀመጡት በዚያው በመሳቢያው ውስጥ፣ ከአሥሩ ፊውዞች አጠገብ ነው።

በመጀመሪያው ዓርብ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ዘፈን መካከል መብራት ሄደ። ማይክሮፎኑና ኦርጋኑ ወዲያው ጸጥ አሉ። የቫልቮቹ ቀይ ፍም ግን በጨለማው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ቆየ፤ የመጨረሻዋም የቤዝ ድምፅ ሳትቆረጥ እየቀጠነች ሄደች። ከበሮ መቺው አላቆመም። ሃርሞኒካ ነፊው ከመድረኩ ወርዶ በጠረጴዛዎቹ መካከል መጫወት ጀመረ፤ ወዳጄም ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ በእግሩ ምቱን እየጠበቀ፣ የማጉያውን ማብሪያ ወደ ታች አድርጎ ቆመ።