ለተራው ሰው የተነፋ መለከት

በኦሪት ዘኍልቍ በ10ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ሙሴን ሁለት የብር መለከት እንዲያሠራ አዘዘው፤ ሁለቱ በተነፉ ጊዜ ማኅበሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ አንዱ ብቻ ሲነፋ ግን የሚመጡት አለቆቹ ናቸው። ኋላ የመጡት መንግሥታት አንዱን መለከት ብቻ የወረሱ ይመስላል። በአውሮጳም ሆነ በኛ አገር መለከትና ነጋሪት የንጉሥና የመኳንንት ክብር ሆኖ ኖረ።

በአውሮጳ አቆጣጠር በ1942፣ ዓለም በጦርነት ስትቃጠል፣ በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ የሙዚቃ ጓድ መሪ የነበረው እንግሊዛዊው ዩጂን ጉሰንስ ኮንሰርት የሚከፈትበት አጭር የመለከት ሰላምታ እንዲደርሱለት የዜማ ደራሲዎችን ለመነ፤ በፊተኛውም የዓለም ጦርነት በአገሩ እንዲሁ አስደርሶ ነበር። 18 ድርሰት ቀረበለት። አንዱ ለአየር ወታደሮች፣ አንዱ ለተዋጊዎቹ ፈረንሳዮች፣ አንዱ ለሩስያ የተሰጠ ነበር። ከሩስያ ግዛት ተሰደው ከመጡ የአይሁድ ወገኖች በ1900 በብሩክሊን የተወለደው አሮን ኮፕላንድ ግን ማዕረግ የሌለውን ሰው መረጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሄንሪ ዋላስ ስለ ተራው ሰው ዘመን ተናግረው ነበርና ስሙን ከዚያ ወሰደ።

ድርሰቱ ከሦስት ደቂቃ ብዙ አያልፍም። አስቀድሞ ከበሮና የነሐስ ደወል ከባድ ድምፅ ይሰማል፤ ከዝምታ በኋላ ሦስቱ ትሮምፔቶች ባንድ ቃል ይነሣሉ፤ አራቱ ቀንዶች ይቀበሏቸዋል፤ በመጨረሻ ሦስቱ ትሮምቦኖችና ቱባው ይጨመራሉ። በማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ሥርዐት አያጣውም፤ አንዱ ይመራል፣ ጉባኤው ይቀበላል። ዜማው የሚወጣው በሰፊ እርምጃ ነው፤ ጌጥም የለበትም፤ እንዲህ መራቆቱ ለተመሰገነው ሰው የተገባ ነው።

ጉሰንስ አርእስቱን ስለ ወደደው በ1943 በመጋቢት፣ ሕዝቡ ግብር በሚከፍልበት ሰሞን እንዲሰማ አደረገ። ደራሲውም ተራውን ሰው በግብር ወራት ማክበሩ ደስ አሰኘው። (በአማርኛ ቢሆን ቅኔው በሞላ ነበር፤ ሕዝብ የሚያገባውም ግብር ነው፣ ንጉሥ የሚያበላውም ግብር ነው።)

ከ10 ዓመት በኋላ ይህ ሰው ተጠረጠረ። በ1953 በጥር ስለ አብርሃም ሊንከን የደረሰው ሥራ በኮሙኒስትነት ስለ ተወቀሰ ከፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የሹመት በዓል ኮንሰርት ተሰረዘ፤ በግንቦትም በሴናተር ማካርቲ ፊት ቆሞ ተመረመረ። በ1964 ግን ፕሬዚዳንት ጆንሰን የነጻነት ሜዳይ ሸለሙት። በ1990 ዐረፈ፤ ከዚያ በፊት በ1986 ጆአን ታወር የተባለች ደራሲት እነዚያኑ የናስ መሣሪያዎች ይዛ፣ ተራ ላልሆነችው ሴት የሚነፋ ሌላ መለከት ደርሳ ነበር።