ውጅግራ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር፣ በሽለላና በፉከራ መሐል ውጅግራ ሲነሣ ጠመንጃውና ጀግናው አይለያዩም። ስሙ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሉታል፣ የግራ ጠመንጃ ለማለት። ይህ «ግራ» የቀኝ ተቃራኒ እንዳይመስላችሁ፤ ባዚል ግራ የተባለ የጦር መኮንን ስም ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1874 ወጣ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይም በኛ ወገን እጅ ነበር።

ውጅግራ ትከሻ አይምርም። ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ ጥይት 25 ግራም ያህል እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ጥቁር ባሩዱ ደግሞ የተኳሹን ፊት በጢስ ይሸፍነዋል። በ1933 ዓ.ም. ቡሬን የለቀቀው የጣሊያን ጦር የያዘው ካርካኖ ግን 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርሳሱ 10.5 ግራም፣ ፍጥነቱ 700 ሜትር ገደማ። ትከሻ ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ለድኩላ የትኛው ይሻላል ከተባለ እኔ ለቀጭኑ እፈርዳለሁ። ምቱን የፈራ ሰው ቃታ ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸሻል፤ ድኩላዋም ሆዷን ተመትታ ቁጥቋጦ ውስጥ ትሰወራለች። ስዊድኖች ከድኩላ እጅግ የሚገዝፍ አውሬ በዚሁ በ6.5 ውፍረት ይጥላሉ። በእርግጥ የጦር ሜዳው የካርካኖ ጥይት ሙሉ ሽፋን ስላለው ሥጋ ውስጥ አይከፈትም፤ ለአደን የሚሆነው ጫፉ ለስላሳ እርሳስ የሆነው ነው፤ እሱም ቢሆን ፈቃድ ላለው።