ጊታሩ የማን ነው?
ባንድ ስለማቋቋም የሚተርኩ የትንሽ በጀት ፊልሞች

የእህቴ ልጅ ፊልም ሊሠራ ነው። ታሪኩ አምስት የመርካቶ ልጆች የሮክ ባንድ ለማቋቋም ሲፍጨረጨሩ የሚያሳይ ነው። ጽሑፉን አንብቤዋለሁ፤ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ገንዘቡ ነው። ሊረዳው የሚችለው አባቱ ብቻ ሲሆን፣ አባቱ ደግሞ የሸማ ተራ ነጋዴ ናቸው።

ሸማ ተራ መርካቶ ውስጥ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቡሉኮውና ጥለቱ የሚሸጥበት ሠፈር እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በዚሁ ሠፈር የተነሣውን ቃጠሎም ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። መግቢያው ጠባብና የተጨናነቀ በመሆኑ እሳቱን መቆጣጠር ሰዓታት ፈጀ። የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። የእህቴ ባልም ሱቃቸው ከተቃጠለባቸው ነጋዴዎች አንዱ ናቸው። ዛሬ የሚሠሩት በተከራዩት ጠባብ ሱቅና ከበላዩ ባለች አንዲት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ለልጅዎ ፊልም ገንዘብ ይስጡ» ብሎ ሽማግሌ መሆን ቀላል አይደለም። ቢሆንም ሄድኩ።

ጋሼ ነጠላ እያጠፉ አዳመጡኝና ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ስንት ያወጣል? እንዲህ ያለውን ሠርቶ የተሳካለት ማን ነው? ዕቃውስ የማን ነው?» አንዱንም በቅጡ መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ያሰባሰብኩት መልስ ይኸው። ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁም ይጠቅም ይሆናል።

ስንት ያወጣል?

በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው የአየርላንዱ «ዋንስ» ነው። ጆን ካርኒ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2007 ለዕይታ በቃ። ቀረጻው 17 ቀን ገደማ ወሰደ፤ ወጪውም ከ150 ሺህ ዩሮ በታች ነበር። ታሪኩ ለጋሼ የተሠራ ይመስላል። አንድ ወጣት በአባቱ ሱቅ ውስጥ የቤት ማጽጃ ማሽን ይጠግናል፤ በትርፍ ጊዜው መንገድ ላይ ጊታር ይጫወታል። ከአንዲት ስደተኛ ፒያኖ ተጫዋች ጋር ይተዋወቃል። የጎዳና ሙዚቀኞችን አሰባስበው፣ ከባንክ ብድር ለምነው፣ ለቅዳሜና እሑድ ስቱዲዮ ይከራያሉ። በመጨረሻ የተቀዳውን ዘፈን የሚሰሙት አባት ልጃቸውን አበረታተው ይሸኙታል።

ወጪው እንዴት ቀነሰ? አንደኛ፣ መሪ ተዋንያኑ ግሌን ሃንሳርድና ማርኬታ ኢርግሎቫ በሙያቸው ሙዚቀኞች ስለሆኑ የሚዘፍንላቸው ሰው አላስፈለገም። ሁለተኛ፣ ዘፈኖቹ የራሳቸው ድርሰት ነበሩ። ሦስተኛ፣ ቤቶቹ የወዳጅ ዘመድ ነበሩ፤ የጎዳናው ትዕይንትም አላፊ አግዳሚው ካሜራውን ልብ እንዳይለው ከሩቅ ተቀረጸ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በዘፈኑ ኦስካር ተሸለመ።

ባህማን ጎባዲ በኢራን የሠራው «ስለ ፋርስ ድመቶች ማንም አያውቅም» እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ከእስር የወጡ ሁለት ወጣቶች ባንድ አቋቁመው ውጭ አገር ለመጫወት ፓስፖርትና ቪዛ ይፈልጋሉ። ፊልሙ በቴህራን ያለ ፈቃድ፣ በአነስተኛ ካሜራ፣ ይህም በ17 ቀን ተቀርጿል። ልምምዱ የሚካሄደው በምድር ቤት፣ በሰገነት፣ በከብት በረት ውስጥ ነው። ተመልካች የሚያየው መደበቂያ ፍለጋውን ስለሆነ ውድ ስቱዲዮ አላስፈለገም። እጥረቱ ራሱ ታሪክ ሆነ ማለት ነው።

ከሁለቱ የተማርኩት ይህን ነው። ስለ ባንድ የሚሠራ ፊልም ርካሽ የሚሆነው ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን ሆነው ሲጫወቱ ነው። መቆጠብ የማይገባው ግን ድምፅ ላይ ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የሚንጫጫ ድምፅ ግን ከሲኒማ ቤት ያስወጣዋል።

ማን ተሳካለት?

ጋሼ እዚህ ላይ አቋረጡኝ። «ዩሮ ያለው ሰው ምን ቸገረው?» አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ወደ ኒጀር ወሰድኳቸው።

ምዱ ሙክታር በአጋዴዝ አካባቢ የሚታወቅ ግራኝ የጊታር ተጫዋች ነው። የመጀመሪያውን ጊታር የሠራው ራሱ ሲሆን፣ ክሮቹ የብስክሌት ሽቦ ነበሩ። ዘፈኖቹ በሰሃራ ከተሞች የተሰራጩት ከሞባይል ወደ ሞባይል፣ በሚሞሪ ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ክሪስቶፈር ከርክሌይ ከተባለ አሜሪካዊ ጋር አንድ ፊልም ሠሩ። መነሻው የሙዚቀኛው ፕሪንስ «ፐርፕል ሬይን» ነበር። በቱዋሬጎች ቋንቋ ሐምራዊ የሚል ቃል ስለሌለ የፊልሙ ርዕስ «ትንሽ ቀይ የገባበት ሰማያዊ ዝናብ» የሚል ትርጉም ያለው ሆነ። ተዋንያኑ የከተማው ሰዎች ናቸው። ገንዘቡም ከብዙ ሰው በኢንተርኔት ተዋጣ። ሙክታር ከዚያ ወዲህ የራሱን ባንድ ይዞ ዓለምን የዞረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው «አፍሪክ ቪክቲም» አልበም በስፋት ተወድሷል።

ጋሼ የብስክሌት ሽቦው ላይ ፈገግ አሉ። «ይኼስ ነጋዴ ነው» አሉ።

ዕቃው የማን ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። የሸማ ነጋዴ ግን ድሩ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ውል አይገባም።

በእኛ አገር የዘመናዊ ሙዚቃ መሣሪያ ለረዥም ጊዜ የተቋም ንብረት ነበር። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቴአትር ቤት ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛውን ቀጥረው መሣሪያውን ያቀርቡ ነበር። በኋላም የምሽት ክበቦች እንዲሁ አደረጉ። ሙዚቀኛው ሲወጣ ሳክስፎኑ እዚያው ይቀራል። ዋልያስ ባንድ በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ይህን ቀየረ። ኃይሉ መርጊያና ባልደረቦቹ የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት በውል ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሻገሩም የሄዱት እንደ ባንድ ነበር። ኃይሉ እዚያው ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ እንኳ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ እየያዘ ይለማመድ ነበር። መሣሪያው የራሱ ነበራ!

የሮኩ ታሪክ ደግሞ ወደ ጋሼ ዕቃ ይወስደናል። ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው፣ በቀድሞው ዘመን ሹማምንትና መኳንንት ይለብሱት የነበረ ነጭ ሸማ ነው። በአዲስ ገሠሠ አነሳሽነት የተቋቋመው ጃኖ ባንድ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ልብስ ነው። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ድምፃውያንን ከፊት አሰልፎ የኢትዮጵያን ቅኝት ከሮክ ጊታር ጋር አዋሐደ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ኤርታሌ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙን ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። እንግዲህ ለፊልም የሚሆን ታሪክ አጥተን አይደለም።

ፊልሙም ቢሆን ባለቤትነቱ ከመሣሪያ የተያያዘ ነው። በሴሉሎይድ ዘመን ፊልም መሥራት የመንግሥት ወይም የባለሀብት ጉዳይ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቪዲዮ ካሜራ ሲገባ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ፊልሞች ሲኒማ ቤት ገብተው ሕዝብ አሰለፉ። ካሜራው ረከሰ፤ ባለቤቱ በዛ።

መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ዘፈንም ባለቤት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም፣ ለተጫዋቹም፣ ለድምፅ አሳታሚውም ለየብቻ መብት ይሰጣል። የሌላ ሰው ዘፈን በፊልም ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አምስቱ ልጆች የራሳቸውን ዘፈን ቢሠሩ ይሻላል፤ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን እንደሆነም ከቀረጻ በፊት በጽሑፍ ይፈራረሙ። ባንድ የሚፈርሰው ሲከስር ብቻ አይደለም፤ ሲያተርፍም ይጣላል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ገንዘብ አልሰጡም። ያላቸው ገንዘብ በክር፣ በዱቤና በኪራይ የተያዘ ነው። ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። ወደ ዕቃ ማስቀመጫዋ ክፍል አወጡንና እጃቸውን አጨበጨቡ። ድምፁ አልተመለሰም። እስከ ጣሪያ የተቆለለው ጋቢና ቡሉኮ ማሚቶውን ውጦታል። ስቱዲዮ ተከራይተው ቢሆን ለዚህ ብቻ ስንት ይከፍሉ ነበር!

«እሑድ እሑድ ተለማመዱ፤ ቅረጹም። ሻማና ሲጋራ ግን ካየሁ በሩን እዘጋለሁ። የኤሌክትሪክ ገመዱንም ባለሙያ ሳያየው አትሰኩም» አሉ። እሳቱን ያየ ሰው የሚናገረው ነው፤ ማንም አልተከራከረም።

ለመሣሪያው አምስቱ ልጆች እቁብ ጀምረዋል። ዳኛው ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው ለድራም መቺው ነው።