ፓይተን ሞጁሉን የት ይፈልጋል?

ፓይተን «ሞጁሉ አልተገኘም» ሲል ብዙ ፕሮግራመር ፓኬጁን እንደገና ለመጫን ይቸኩላል። የቋንቋውን ታሪክ ለተከተለ ሰው ግን ጥርጣሬው መጀመሪያ ኢንተርፕሪተሩ ላይ መውደቅ አለበት፤ ፓኬጁ አብዛኛውን ጊዜ ተጭኗል፣ የተጫነው ግን ለሌላ ፓይተን ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ከአምስተርዳም ለሕዝብ የለቀቀው ይህ ቋንቋ ሞጁል የሚፈልገው የፎልደሮችን ዝርዝር በተራ እያየ ነው፦ በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር፣ ቀጥሎ ተጠቃሚው ፓይተንፓዝ በተባለው የሲስተም ተለዋዋጭ የጨመራቸው፣ ከዚያ መደበኛው ላይብረሪ፣ በመጨረሻም ከውጭ የመጡ ፓኬጆች የሚቀመጡበት ሳይት-ፓኬጅስ። ቀድሞ የተገኘው ያሸንፋል። የራሱን ፋይል «ራንደም» ብሎ የሰየመ ጀማሪ መደበኛውን ራንደም ሞጁል የሚያጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሳይት-ፓኬጅስ ከአንድ ፓኬጅ የሚይዘው አንድ ቨርዥን ብቻ ነው። የፓኬጆች ማከማቻው ፓይፒአይ በ2003፣ መጫኛው ኢዚ-ኢንስቶል በ2004 መጥተው መጫን ሲቀል፣ ጃንጎ የተባለውን ፓኬጅ በተለያየ ቨርዥን የሚሹ ሁለት ሥራዎች በአንድ ሰርቨር ላይ መጋጨታቸው አይቀሬ ሆነ። ኢያን ቢኪንግ በ2007 ያወጣው ቨርቹዋልኢንቭ መፍትሔውን ያገኘው ከፓይተን ከራሱ ጠባይ ነው፦ ኢንተርፕሪተሩ ላይብረሪውን የሚፈልገው ራሱ ከተቀመጠበት ቦታ ተነሥቶ ስለሆነ፣ ቅጂውን አዲስ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የራሱ ሳይት-ፓኬጅስ ይኖረዋል። ካርል ማየር ያቀረበው ሐሳብ ይህንኑ በ2012 በወጣው ፓይተን 3.3 ውስጥ ቬንቭ በሚል ስም አስገባው፤ ከኢንተርፕሪተሩ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ የማዋቀሪያ ፋይል ለመለየት በቃች። «አክቲቬት» ማድረግ ዋና ሥራው የትእዛዝ ፍለጋውን ቅደም ተከተል መቀየር ነው። ስለዚህ የቬንቩ ስም ተርሚናሉ ላይ መታየቱ ማስረጃ አይሆንም፦ ኮድ መጻፊያው ሌላ ኢንተርፕሪተር መርጦ፣ የፓኬጅ መጫኛው ፒፕም የሌላ ፓይተን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የቬንቩን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ያዛወረም፣ በውስጡ ያሉ ትእዛዞች የድሮውን አድራሻ እንደያዙ ስለሚቀሩ፣ ይቸገራል።

ፓይተንፓዝ ይበቃል የሚሉ አሉ። እሱ ግን ከተቀመጠበት ተርሚናል የሚነሣውን ማንኛውንም ፓይተን ይነካል፤ ለአንዱ ቨርዥን የተጠናቀረ ፓኬጅ በሌላው ላይ ይሰበራል። ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ለይቶ የሚያሽገው ኮንቴነር መጥቷል፣ ቬንቭ አብቅቶለታል የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል፤ ኮንቴነር በእርግጥ ሥራን ከሥራ ይለያል። ሆኖም በኮንቴነሩም ውስጥ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፓይተን እና የፕሮግራመሩ ፓይተን ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፣ ጥያቄውም ያው ነው። ከመጫን በፊት ኢንተርፕሪተሩ ያለበትን አድራሻና የፍለጋ ዝርዝሩን ከራሱ ከፓይተን ይጠይቁ፤ ፒፕንም «ፓይተን -ኤም ፒፕ» ብለው በዚያው ኢንተርፕሪተር በኩል ይጥሩ። እንዲያውም በ2023 የወጣው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዴቢያን 12 በሲስተሙ ፓይተን ላይ በፒፕ መጫንን ይከለክላል፤ የስሕተት መልእክቱም ተጠቃሚውን ቬንቭ እንዲፈጥር ይመክራል።