የመስኮት ታሪክ በደብረ ታቦርና በአካባቢው

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚዘልቀው በጉና ተራራ አቅራቢያ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ምድር የቀን ሙቀቷን ስለምትለቅ ብርዱ ይበረታል። የአገሬው ባላገር ከእንጨትና ከጭቃ ወይም ከድንጋይ የሠራው ክብ ቤት አንድ በር ብቻ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት ያልነበረው ስለዚህ ነው። ወፍራሙ የሣር ክዳን አየር አምቆ ሙቀት ያቆያል፤ ጢሱም በሣሩ መሐል እየተንጠፈጠፈ ይወጣል። ከሰው ጋር የሚያድሩት ከብቶችም የበኩላቸውን ሙቀት ይጨምሩ ነበር። ይህን አሠራር የድንቁርና ምልክት አድርገው የቆጠሩ ጸሐፊዎች አላስተዋሉም። ይሁን እንጂ ዋጋውን በዓይናቸውና በሳንባቸው የከፈሉት ምድጃ ሥር የዋሉ እናቶች መሆናቸውም አይካድም።

በእርግጥ መስኮት ለአካባቢው እንግዳ አልነበረም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻ ባደረጓት ጎንደር የታነጹት አብያተ መንግሥት መስኮቶች ነበሯቸው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጓዘውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠርተዋል። እንዲህ ያለ ሥራ በተሠራበት አገር የድሃው ቤት ያለ መስኮት የቀረው በጥበብ እጦት ነው ማለት ያስቸግራል። የሚነደው ማገዶ ውስን በነበረበት አገር ቀዳዳ መክፈት ማገዶ ማባከን ነበርና።

ቆርቆሮና መስታወት በ1928–1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በሰሜኑ ከተሞች እየተስፋፉ ሄዱ። ቀደም ያሉት የከተማ ቤቶች መስኮት ቀን የሚከፈት፣ ማታ የሚዘጋ የሳንቃ መዝጊያ ነበረው፤ ከበስተውስጥ መስታወት የተጨመረለትም አለ። በኋላ ግን በቀጭን ብረት ውስጥ በስቱኮ የተያዘ መስታወት ርካሽና ዘመናዊ ሆኖ ሲገኝ ሳንቃው ተተወ። ጉዳቱም የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። ውስጡ ከውጪው በ10 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ካሬ ሜትር ነጠላ መስታወት 57 ዋት ያህል ሙቀት ያሳልፋል፤ በመሐሉ አየር የያዘ ድርብ መስታወት ግን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ስቱኮው ሲረግፍ፣ ብረቱም ሲዛባ በስንጥቁ የሚገባው ነፋስ ከዚህ ይብሳል። ኪሳራው ግን በሒሳብ ደረሰኝ አይታይም፤ የሚታየው በማገዶውና ማሳውን ሊያዳብር ይገባው በነበረው፣ ነገር ግን በምድጃ በሚቃጠለው ኩበት ነው።

ዛሬ አሮጌውን ብረት በአሉሚኒየም መለወጥ ተለምዷል። አሉሚኒየም ግን ሙቀትን ከብረት አራት እጥፍ ያህል ያስተላልፋል፤ ነጠላ መስታወት ከተገጠመበት ጥቅሙ ነፋስ መከልከሉ ብቻ ነው። በዚያ ደጋ የበለጠ የሚያዋጣው ስንጥቁን ደፍኖ፣ የተተወውን የሳንቃ መዝጊያ መመለስ ይመስላል። ይህም ሲሆን ከሰል በሚነድበት ክፍል ከጣሪያው ሥር የአየር ማስወጫ ሊተው ይገባል፤ የከሰል ጋዝ ሽታ ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።