ሪሞቱን የያዘው መምህር

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው «ፕላዝማ» ሲባል ማብራሪያ አይፈልግም። ክፍሉ ፊት ለፊት ትልቅ ስክሪን አለ። ስክሪኑ ውስጥ እንግሊዝኛዋ የሚፈጥን አቅራቢ ቆማለች። ከስክሪኑ አጠገብ ደግሞ እጁን አጣምሮ የቆመ መምህር። እሷ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ጊዜ ትሰጣለች፣ ተማሪው ጥያቄውን ገና ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ነግራ ወደ ቀጣዩ ትሻገራለች። መምህሩ ማስቆም አይችልም። የእሱ ድርሻ ማብራትና ማጥፋት ነው።

አሁን ለመምህርነት የሚሠለጥነው ወጣት ያንን ስክሪን የሚያስታውሰው ከታላላቆቹ ወሬ ነው። ግን ነገሩን በደንብ ቢያውቀው ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም ከዚያ የሚበልጥ ነገር እሱ ክፍል ሊገባ ነው፣ ገብቷልም።

ፕላዝማው ያለ ምክንያት አልመጣም። ስርጭቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት እየበዙ ነበር፤ በዲግሪ የተመረቀ መምህር ግን ሊዳረስ አልቻለም። ሒሳብና ሳይንስ ላይ ጉድለቱ ይብሳል። ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ቁጥር ስፍር የለውም። ስለዚህ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ በሳተላይት ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይሰራጭ ተባለ። የቦሌውም የጋምቤላውም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ያገኛል ማለት ነው። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም።

ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ 30ው የስክሪኑ ነው። ለመምህሩ የቀረው 10 ደቂቃ ያህል፣ ለመግቢያና ለማጠቃለያ። ስርጭቱ ከማዕከል በቀጥታ ስለሚለቀቅ «ቆይ እስቲ፣ ይቺን እንደገና» የሚባል ነገር የለም። መብራት ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። ነገ መብራቱ ሲመጣ ስክሪኑ ቀጣዩ ርዕስ ላይ ደርሷል፤ ትናንት ያመለጠው ማን ይመልሰው?

አንድ ነገር ግን ለእውነት ሲባል መነገር አለበት። ኬሚካል በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ሙከራ ሲካሄድ ያየው በዚያ ስክሪን ነው። የደም ዝውውርን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከመሳል እና ልብ ስትመታ በምስል ከማሳየት የቱ እንደሚሻል ክርክር አያስፈልገውም። ከመምህራኑም መካከል ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ምስሉን ብቻ አስቀርተው፣ በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ፍጥነት ያስረዱ ነበሩ። እነዚህ መምህራን ያደረጉት መመሪያው ያልፈቀደውን ነው። ሊያደርጉት የቻሉት ግን ትምህርቱን ስለሚያውቁት ነው። ትምህርቱን ከተማሪው ጋር እኩል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ መምህር ድምፅ ዝቅ ቢያደርግ ምን ይናገራል?

ከፕላዝማው በኋላ ብዙ ሰው የያዘው ድምዳሜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ቴክኖሎጂ ትምህርታችንን ገደለው» ይላል። ሌላው «መምህሩ ለውጥ አይወድም» ይላል። ሁለቱም ስተዋል። መሣሪያው ሲነደፍ ጀምሮ በመምህሩ ላይ ተዘሎ ወደ ተማሪው እንዲደርስ ነው የታሰበው። የተዘለለ ሰው ደግሞ ዳር ቆሞ ማየት እንጂ ሌላ ምን ይጠበቅበታል።

«መምህሩ ለውጥ አይወድም» የሚለውን የቆየው ታሪክም አይደግፈውም። የየኔታን ትምህርት ቤት ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ፊደል በብራና ላይ በእጅ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ጽሑፉ ብርቅ ነው፤ ለብዙ ልጅ አንድ ይደርስ ይሆናል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታን በማተሚያ አባዝተው በርካሽ ሲያሰራጩ ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ገበታ ይዞ ዛፍ ሥር መቀመጥ ቻለ። ማተሚያ ቤት በዚያ ዘመን ከፕላዝማ ያላነሰ አዲስ ነገር ነበር። የኔታ ግን አልሸሹትም። ለምን ቢባል፣ ገበታው የእሳቸውን ሥራ አልቀማም። በስንደዶ እየጠቆሙ የሚያስቆጥሩት እሳቸው፣ የዘገየውን ልጅ «እንደገና ከሀ ጀምር» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ያልተማከሩበት ለውጥ ሲመጣ ደግሞ ዘመናዊው መምህር ምን እንዳደረገ 1966 ዓ.ም. ይመሰክራል። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ጥናት በባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ሲወጣ የአገሪቱ መምህራን የሰሙት እንደማንኛውም ሰው ነበር። የካቲት ላይ ሥራ አቆሙ፣ መንግሥትም ጥናቱን ሰበሰበው። የንጉሡ ሥርዓት ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። እርግጥ የዚያ ዓመት አድማ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ደመወዝም ነዳጅም አለበት። ሆኖም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፕላዝማውን ያመጡት ሰዎች ይህን ገጽ ገልጠው ቢያነቡት አይከፋም ነበር።

መምህሩን የመዝለል ምኞት በፕላዝማው አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት፣ በመሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አማካይነት፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ያደረገውን ሙከራ ለዓለም አወራ። ፊደል ላልቆጠሩ፣ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች በሶላር የሚሞላ ታብሌት በካርቶን ታሽጎ ተሰጠ። አስተማሪ የለም፣ ማብራሪያ የለም። ልጆቹ ካርቶኑን ከፍተው አበሩት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በርካታ አፕሊኬሽኖች ይጠቀሙ ጀመር፣ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ዘፈን አጠኑ፣ ወራት ሲያልፉ ደግሞ እንዳይሠራ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የኢትዮጵያ ገጠር ልጅ ምን ያህል ብሩህ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው። ግን ካሜራ መክፈትና ማንበብ መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለት መንደር ላይ የተሞከረው ነገርም የአገር የትምህርት ሥርዓት አልሆነም።

አሁን የመጣው ነገር ከሁለቱም ይለያል። ስልኩን ማንም ሚኒስቴር አልመደበውም። የተማሪውም የመምህሩም ኪስ ውስጥ ያለ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቴሌግራም በአንድ ሳምንት ውስጥ የብዙ የከተማ ልጆች ክፍል ሆነ፤ ኔትወርክና ስልክ የሌለው የገጠር ልጅ ደግሞ ወራቱን በባዶ አሳለፈ። ዛሬ ያው ስልክ ጥያቄ ሲጠየቅ ራሱ ይመልሳል፣ ድርሰት ይጽፋል፣ ሒሳብ ይሠራል። ከፕላዝማው በተለየ ማስቆምም፣ መድገምም፣ መጠየቅም ይቻላል። ሪሞቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እጅ ገባ።

ይህ ሰው መምህሩ ይሆናል ወይ ነው ጥያቄው። አንድ ምሳሌ ይበቃል። ተማሪ ስለ ዓድዋ እንዲጽፍ ታዞ ከማሽኑ የገለበጠውን ያመጣል፤ «በ1896 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት» ይላል። ትክክለኛው 1888 ዓ.ም. ነው፤ 1896 የፈረንጆቹ ነው። ማሽኑ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቁጥሩን አምጥቶ «ዓ.ም.» ለጥፎበታል። የካቲት 23 በየዓመቱ በሚከበርበት አገር ይህን መምህሩ ካላየው ማን ያየዋል? ለማየት ደግሞ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ ታሪኩንም፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚሳሳትም። አንዱ ብቻ አይበቃም። ታሪኩን ብቻ የሚያውቅ «ስልክ ክልክል ነው» ብሎ ያልፋል፣ ልጁ ማታ ቤቱ መገልበጡን ይቀጥላል። ማሽኑን ብቻ የሚያውቅ ደግሞ እሱም ስህተቱን ተቀብሎ «ጎበዝ» ይላል።

«ለዚህ የሚሆን ጊዜና ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል መምህር መብቱ ነው። ደመወዙ የወሩን አጋማሽ አያሻግረውም፣ ዳታ የሚገዛው ከኪሱ ነው፣ ግጭት ባለበት አካባቢ ትምህርት ቤቱ ራሱ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉበት አለ። ይህ ሁሉ ባለበት «ቴክኖሎጂን ተቀበል» ብሎ መስበክ ያሳፍራል። ሆኖም የኢትዮጵያ መምህር መማርን ከማንም አልተበደረም። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ከተከፈተ ወዲህ፣ በትንሽ ሥልጠና ክፍል የገባው መምህር ራሱን ያሳደገው በክረምት ነው። ሐምሌ ሲገባ ሻንጣውን ይዞ፣ በዝናብ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰ ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የወጣ ትውልድ ነው ይህን አገር ያስተማረው።

የክረምቱ ትምህርት ጉድለቱ ከወረቀቱ ጋር መታሰሩ ነው። ዲግሪው ሲያዝ መማሩም ያበቃል። በኋላ የመጣው «ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ» በዓመት 60 ሰዓት ይላል፤ በብዙ ትምህርት ቤት ግን ፎልደር ተሞልቶ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሥራ ሆነ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ያ ሁሉ ፎልደር በየመደርደሪያው ነበር። ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ያ ሰዓት ለምን ዋለ ብሎ መጠየቅ ነውር አይሆንም።

የመምህራን ኮሌጆች ዛሬ ለዕጩዎቻቸው ሊያስተምሩ የሚገባውም ትልቅ ነገር አይደለም። ኮምፒውተር የሞላው አዳራሽ አይጠይቅም። መምህሩ ማታ በገዛ ስልኩ አንድ ጥያቄ ማሽኑን ይጠይቃል። መልሱን ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ያስተያያል። ጠዋት ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፍና «ከነዚህ አንዱ ተሳስቷል፤ የቱ ነው? እንዴት አወቃችሁ?» ይላል። ከዚያ 40ውም ደቂቃ የእሱና የተማሪዎቹ ነው።