አዋላጅ የማትጠራ ላም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ የጌዴኦን የቡና ምድር ጨርሶ ወደ ቦረና ቆላ ከመዝለቁ አስቀድሞ፣ ጥንት ሀገረ ማርያም፣ አሁን ቡሌ ሆራ በምትባለው ከተማ መካከል ያልፋል። ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ደጃፍ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች ጉጂውም ቦረናውም፣ ቡርጂውም ጌዴኦውም፣ ከሰሜን ወርዶ የከተመውም ነጋዴ ይገናኝባታል፤ ከሰዎቹም ጋር ሁለት ዓይነት ላሞች ይገናኙባታል። አንደኛዪቱ ነጭ ወይም አመድማ፣ ሻኛዋ የቆመ፣ እግረ ረጅም የቦረና ላም ስትሆን፣ ሁለተኛዪቱ በጓሮ በረት ታስራ ፉርሽካ የምትቀለብ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የፈረንጅ ዲቃላ ናት። ገዢ ሁለቱን የሚያስተያያቸው በወተታቸው ነው፤ እኔ ግን ላስተያያቸው የወደድሁት በምጣቸው ነው፤ አንዲት ላም በምጥ ሌሊት የሚገጥማት ነገር ከእርስዋ በፊት የነበሩት እናቶችዋ ያለፉበትን ዘመን ሁሉ ተሸክሞ የሚመጣ ነውና።

መጽሐፈ ኢዮብ የዱር ፍየሎችን የመውለጃ ወራት ከሰው ዕውቀት ውጭ ካሉት ምሥጢራት ጋር ይቆጥረዋል። የቦረና እረኛ ግን ከዚህ ምሥጢር የላሞቹን ድርሻ ከአባቶቹ ተምሮ ያውቀዋል። ላሞቹ ብዙውን ጊዜ የሚወልዱት ጋና በሚባለው በትልቁ ዝናብ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው፤ ሣሩ ሲለመልም እናቲቱም ጡት ታጋታለች፣ በጭራዋ ሥር ያሉት ጅማቶች ይላላሉ፣ ከመንጋውም ጥቂት ፈቀቅ ብላ መቆም ትጀምራለች። ፎራ ከሚባለው፣ ጎረምሶች ርቀው ከሚያግዱት መንጋ ተለይታ ወራ ወደሚባለው የቤት መንጋ የምትመለሰውም ወተቷ ለልጆች እንዲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር አጭር ነው፤ የሽርት ውሃው ይፈስሳል፣ ሁለት የፊት እግሮች በላያቸውም አፍንጫ ብቅ ይላል፣ ላሟም ተኝታ ወይም ቆማ አምጣ ትገላገላለች፤ ጥጃውንም ልሳ ታቆመዋለች። ሰው የሚገባበት ሥራ ከዚህ በኋላ ይጀምራል፤ ጥጃው እንገሩን መጥባቱን የምታየው፣ በሌሊትም ከጅብና ከብርድ ለመጠበቅ በጎጆዋ ውስጥ ከልጆቿ ጋር የምታሳድረው የቤቱ እመቤት ናት።

ለሕፃን እትብት ሲቆረጥ ጊደር የመስጠትን ልማድ፣ ኦሮሞዎች ሀንዱራ የሚሉትን ማለት ነው፣ ከዚህ ጋር አያይዤ አየዋለሁ። የልጁ እትብትና የላሟ ዘር በአንድ ቀን ይታሰራሉ፤ ልጁ ሲያድግ ያቺ ጊደር ስንት ጊዜ በሰላም እንደ ወለደች የሀብቱ መቍጠሪያ ይሆናል።

ይህ ቀላል ወሊድ ከየት መጣ? የቦረና ጥጃ ሲወለድ ሚዛኑ ሃያ አምስት ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ሆልስታይን የሚባለው የፈረንጅ ዘር ጥጃ ወደ አርባ ኪሎ ይጠጋል። ጊደሪቱም በሜዳ አድጋ መጀመሪያ የምትወልደው በአራት ዓመቷ ገደማ ነውና ዳሌዋ ሰፍቶ አጥንቷ ጠንክሮ ያልቃል። ነገር ግን ጥጃው ስለ ምን አነሰ ብንል መልሱን ኤላ በሚባሉት የውሃ ጕድጓዶች ዳር እናገኘዋለን። ዘጠኙ ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች፣ ከእነ ዱብሉቅ፣ ሰዎች እንደ መሰላል ተደራርበው እየዘፈኑ ውሃ በሚያወጡባቸው ስፍራዎች፣ ከብቱ በበጋ የሚጠጣው በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ነው፤ እርጉዟም ላም ያን ሁሉ መንገድ ትሄደዋለች፣ ትመለሰዋለች። ከዳሌዋ የሰፋ ጥጃ የተሸከመች፣ ሐኪም በሌለበት ሜዳ ሁለት ቀን ያማጠች ላም ከነጥጃዋ ታልቃለች፤ ሴት ልጅም አትተካም። ድርቅና ርቀት በብዙ መቶ ዓመታት ያበጠሩትን ይህን ዘር እረኛውም አግዞታል፤ ቆርቲ የሚለውን ዘረ መልካም ከብት ከደጋ ከብት ጋር ከተደባለቀው አዩና ለይቶ፣ ኮርማውን በእናቱ ጠባይ እየመረጠ አኑሮታል። በዩኒቨርሲቲ የዘር ምርጫ የሚባለው ትምህርት ከዚህ የተለየ ነው ብዬ አላምንም፤ ልዩነቱ መዝገቡ በወረቀት ፈንታ በሽማግሌ ልብ መያዙ ነው።

አስቸጋሪ ወሊድ ፈጽሞ የለም ማለቴ እንዳይደለ አንባቢ ይረዳኝ። አንዳንድ ጥጃ በኋላ እግሩ ይመጣል፤ አንዳንዱ አንገቱን ወደ ጐኑ ያጥፋል፤ ጉልበቱን አጥፎ የሚቀርም አለ። የሰኮናው መርገጫ ወደ ምድር ካየ የፊት እግር፣ ወደ ሰማይ ካየ የኋላ እግር መሆኑን፣ የታጠፈ አንገት ሳይቃና ቢስቡ ገመዱ ሞትን እንጂ ጥጃን እንደማያወጣ፣ እጅን ታጥቦ ቅቤ ቀብቶ ጽንሱን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፍቶ ማቃናት እንደሚገባ፣ ይህን ሁሉ የከብት አርቢ ሕዝብ በእጁ ተምሮ ለልጁ ያወርሰዋል። መሳቡም ሥርዓት አለው፤ ላሟ ስታምጥ ይስቧል፣ ስታርፍ ያርፏል፣ አቅጣጫውም ወደ ቋንጃዋ ቁልቁል ነው።

ይህ ዘር ሊጠፋ የደረሰበት ዘመን ነበረ። በ1880 ዓ.ም. ኢጣሊያውያን በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው፣ ሕዝቡ ክፉውን በበጎ ስም ጠርቶ የደስታ በሽታ የሚለው ወረርሽኝ፣ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰውን ረኃብ አስከትሎ ከሰሜን እስከ ደቡብ ሲወርድ፣ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ፈጀ። ቦረናም መንጋው አልቆ፣ ከሞት የተረፉት ጥቂት ላሞች በሚወልዱት ጥጃ ብቻ ተስፋ አድርጎ ቀረ። ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት ያለው ለሌለው ጊደር እየሰጠ መንጋው እንደ ገና ተነሣ፤ በዚያ ጊዜ አንዲት ላም በምጥ ብትሞት የአንድ ቤተ ሰብ ተስፋ አብሯት ይቀበር ነበር። ይኸው በሽታ አውሮፓን ባስጨነቀበት ዘመን ፈረንሳዮች በሊዮን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1762 የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከፍተው ነበርና፣ ዛሬ ላሚቱን ቀድዶ ጥጃዋን የሚያወጣው ሐኪም ትምህርቱ የተወለደው ከዚሁ መቅሠፍት ነው ማለት ይቻላል። በሽታው ራሱ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ቦረናን ወደ ምኒልክ መንግሥት ካስገቡ፣ ከእንግሊዝም ጋር ድንበር ከተበጀ በኋላ፣ ከብቱ ድንበሩን ሳያከብር ወደ ኬንያ ዘለቀ። የነጭ ሰፋሪዎች እርሻዎች ቦራን ብለው ተቀበሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1951ም የአርቢዎቹ ማኅበር ተቋቁሞ ዘሩን በመዝገብ ያዘው። ባለቤቱ በሽማግሌ ልብ የያዘውን ባዕድ በመዝገብ ማስፈሩ የሚያስቀናም የሚያሳፍርም ነገር ነው።

በአገራችን ግን የመንግሥት ዓይን ወደ ወተት ዞረ። በ1939 ዓ.ም. አካባቢ በተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት በኩል 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ገቡ፤ በ1960 ዓ.ም. በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ማዳቀልን ለገበሬ አደረሰ፤ በስምጥ ሸለቆው አበርኖሳ የከብት እርባታም የቦረና ላሞች ለፍሪዥያን ኮርማ ተሰጥተው ዲቃላ ጊደሮች ተወለዱ። ይህ የመጀመሪያው ድቀላ እንደ ተፈራው አላስቸገረም፤ የቦረና እናት ማሕፀን የፈረንጁን ጽንስ እንኳ ከልክ በላይ እንዳይገዝፍ ያግደዋልና። ችግሩ የሚመጣው በልጂቱ ነው። ዲቃላዪቱ ጊደር በበረት በምግብ ተሞልታ ትሰባለች፣ መንገድ አትሄድም፣ ገና ሳትጠነክር ትጠቃለች፤ እንደ ገናም የሆልስታይን ዘር በሰው ሠራሽ ዘዴ ይጨመርባታል። እንግዲህ የጥጃው ራስ ከዳሌዋ ሰፍቶ ሲገኝ ጎረቤት ይጠራል፤ አምስት ጎረምሳ ገመድ ይዞ ይስባል፤ ጥጃውም ቢወጣ እናቲቱ ተቀድዳ ወይም የዳሌ ነርቯ ተጎድቶ መነሣት ያቅታታል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው በልክ ስቦ ያልወጣ ጥጃ ሐኪም እንጂ ተጨማሪ ጎረምሳ አይሻም። ሐኪሞቹም በ1972 ዓ.ም. በደብረ ዘይት ከተከፈተው ፋኩልቲ ጀምሮ እየተማሩ ወጥተዋል፤ የአገሩ ስፋት ግን ከቁጥራቸው ይበልጣል።

የዚህ መንገድ መጨረሻ ወዴት እንደሆነ ማየት የሚወድ ሰው ወደ ቤልጂግ ይመልከት፤ በዚያ ሥጋው እንዲበዛ ተመርጦ የተራባው ሰማያዊ ነጭ ከብት ጥጃው በአመዛኙ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። እነርሱ ባለ ቢላዋው ሐኪም በየመንደሩ አላቸው፤ ለዱብሉቅና ለነገሌ ይህን ማን ያቆምላቸዋል?

ስለዚህ በቡሌ ሆራም ሆነ በቆላዎቹ ከተሞች ጊደሩን ሊያስጠቃ የሚነሣ ሁሉ፣ የኮርማው እናት ስንት ሊትር ታለበች ብሎ ከመጠየቁ በፊት ልጆቹ ሲወለዱ ስንት ኪሎ እንደሚመዝኑ ይጠይቅ፤ አዳቃዩም መዝገቡን ይክፈትለት፤ ጊደሪቱም ገና ለጋ ከሆነች አንድ ዓመት ይታገሣት።